የማያብለጨልጭ ደጋን

የአደን ደጋንን ከሩቅ የሚያጋልጠው ብልጭታው ነው። ቀለሙም ቅርጹም ከዱር እንጨት ጋር ሊመሳሰል ይችላል፤ ፀሐይ ያረፈችበት ለስላሳ ገጽ ግን ከውሃና ከእርጥብ ቅጠል በቀር በጫካ ውስጥ አምሳያ የለውም። ይህን ነጸብራቅ ማደብዘዝ በባህላዊ ደጋን ለሚያድኑ ሰዎች ዛሬ የተለመደ ሥራ ነው። ዕድሜው ግን አጭር ነው። ደጋን ከ10,000 ዓመት በላይ የአደን መሣሪያ ሆኖ ኖሮ፣ የብልጭታ ችግር የገጠመው ቫርኒሽና ፋይበርግላስ ከደረሱበት በኋላ ነው። በዚህ ምክንያት ደጋንን የመሰወር ታሪክ በአብዛኛው የሰሜን አሜሪካ ታሪክ ሆኖ ይገኛል፤ ዋናው ክፍሉም በ20ኛው መቶ ዘመን ውስጥ ያርፋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብርሃን ሻካራ ገጽ ሲያገኝ በየአቅጣጫው ይበተናል፤ ለስላሳ ገጽ ሲያገኝ ግን ተሰብስቦ በአንድ አቅጣጫ ይመለሳል። ከሸለቆ ማዶ ያለ አዲስ ቆርቆሮ ጣሪያ ቀኑን ሙሉ ሳይታይ ቆይቶ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በድንገት ዓይን የሚወጋው በዚሁ ምክንያት ነው። ጠፍጣፋ ክንዶች ያሉት ደጋንም እንዲሁ ያደርጋል። ከመጨበጫው በላይና በታች ያሉት ሁለቱ ክንዶች ረጃጅምና ቀጫጭን ስለሆኑ፣ ቫርኒሽ ሲቀቡ ሁለት የመስታወት ዘንግ ይሆናሉ። ይባስ ብሎ ደጋኑ ሲገተር ክንዶቹ ስለሚታጠፉ ብልጭታው ከመጨበጫው ወደ ጫፍ ይሮጣል። ብርሃን በአግድም ሲመጣ ነጸብራቁ ይበረታል፤ አዳኞች ከሁሉ ይልቅ የሚጠብቋቸው የንጋትና የምሽት ሰዓታት ደግሞ ፀሐይ ዝቅ የምትልባቸው ናቸው። እንግዲህ ደጋን በጣም የሚያብለጨልጨው ባለቤቱ ሊታይ በማይፈልግበት ሰዓት፣ ሊንቀሳቀስ በማይፈልግበት ቅጽበት ነው።

ከእንስሳው በኩል ያለው ነገርም መታወቅ አለበት። በአሜሪካ በደጋን ከሚታደኑ እንስሳት ዋነኛው ነጭ ጭራ ያለው አጋዘን ነው። ዓይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ስለተቀመጡ ራሱን ሳያዞር ወደ 300 ዲግሪ የሚጠጋ ዙሪያውን ያያል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ የተካሄደ ምርምር አጋዘን ቀለም የሚለይባቸው የዓይን ሕዋሳት ሁለት ዓይነት ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል፤ የሰው ሦስት ነው። ስለዚህ ቀይና ብርቱካናማን በደንብ አይለይም። ሰማያዊን ግን ጥሩ አድርጎ ያያል። የሰው ዓይን የሚያግደውን አልትራቫዮሌት ጨረርም የአጋዘን ዓይን በከፊል ያሳልፈዋል። የምስል ጥራቱ ከሰው ያነሰ ሲሆን እንቅስቃሴን ለማየት ግን ተወዳዳሪ የለውም። አንድ ሰው ቡናማ ደጋን ይያዝ አረንጓዴ ለአጋዘኑ ብዙም ልዩነት አያመጣም። የሚሮጥ ብልጭታ ግን ወዲያው ያስደነብረዋል።

ርቀቱም ነገሩን ያከብደዋል። በባህላዊ ደጋን የሚያድን ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ሜትር ብዙም በማይርቅ እንስሳ ላይ ነው ፍላጻውን የሚለቅቀው። ጠመንጃ ያዥ ከ200 ሜትር ላይ ቢያብለጨልጭ ይቅር ይባል ይሆናል፤ እዚህ ግን አዳኙ በታዳኙ ደጅ ቆሞ ክንዱን ማንሳትና መግተር አለበት።  

ከቫርኒሽ በፊት የነበሩት ደጋኖች ደብዛዛ የሆኑት ማንም ስላደበዘዛቸው አልነበረም። እንጨቱ በድንጋይ ወይም በብረት ስለት ይፋቃል፤ በሞራ ይታሻል፤ ከዚያ በጭስ፣ በአቧራና በእጅ እድፍ ይጠቁራል። ሞራ ወደ እንጨቱ ስለሚሰርግ ላዩ ላይ የመስታወት ቅርፊት አይሠራም። አዳኙ የሚጨነቀው ስለ ራሱ ነበር። በናይጄሪያ የሃውሳ አዳኞች በምድር የሚሄደውን ትልቅ ወፍ፣ ማለትም የኤርኩምን፣ ራስና መንቁር ግንባራቸው ላይ አስረው፣ አጎንብሰው እንደ ወፉ እየተራመዱ ወደ እንስሳው ይጠጉ ነበር። በደቡብ ኢትዮጵያና በኬንያ የሚኖሩት የዋታ አዳኞች ደግሞ ፍላጻቸውን ከምረንዝ ዛፍ በሚቀቀል መርዝ ይቀቡ ነበር። መርዙ ዝሆን ሳይቀር ይጥላል፤ ነገር ግን ፍላጻው ቆዳውን አልፎ እንዲገባ መጠጋት ግድ ነው። ከእነዚህ ሕዝቦች ልማድ እንደሚታየው ሽፋኑ ለሰውዬው ነው፣ ብልሃቱ በነፋስ አቅጣጫና በእርጋታ ላይ ነው። ደጋኑ እንጨት ስለሆነ በእንጨት መካከል ማንም ልብ አይለውም።

ይህን አሠራር በቅርብ ሆኖ ለማየትና በጽሑፍ ለማስቀመጥ ዕድል የተገኘው በካሊፎርኒያ ነው። በነሐሴ 1911 ኦሮቪል በምትባል ከተማ አጠገብ ከያሂ ሕዝብ የመጨረሻው እንደሆነ የሚነገርለት ሰው ብቻውን ተገኘ። ስሙን ለባዕድ መናገር በባህሉ ነውር ስለነበር፣ አንትሮፖሎጂስቱ አልፍሬድ ክሮበር ኢሺ ብሎ ጠራው። ኢሺ የቀረ ዕድሜውን በሳን ፍራንሲስኮ በአንድ የዩኒቨርሲቲ ሙዚየም አሳለፈ። በአቅራቢያው ባለው ሆስፒታል የሚሠራው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሳክስተን ፖፕ ወዳጁ ሆነ፤ ደጋን መሥራትንና ማደንንም ከእሱ ተማረ። ኢሺ በ1916 በሳንባ ነቀርሳ ሲሞት ፖፕ ያየውን ሁሉ መዝግቦ ነበር።

የኢሺ ደጋን ከተራራ ጥድ የተሠራ አጭር መሣሪያ ነበር፤ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከአዳኙ የሚርቀው፣ ወደ እንስሳው የሚዞረው የደጋኑ ጀርባ በአጋዘን ጅማት ይለበጣል። ጅማቱ በጥርስ ታኝኮ ይለሰልስና፣ ከሳልመን ዓሣ ቆዳ በተቀቀለ ሙጫ እየተለጠፈ ይነባበራል። ሲደርቅ ጅማቱ ይኮማተራል፤ ገጹም ጭረት ጭረት ያለው ሻካራ ይሆናል። የጅማቱ ዓላማ እንጨቱ ሲታጠፍ እንዳይሰነጠቅ መያዝ ነው። ብርሃን መበተኑ ያልታሰበ ትርፍ ነው። በምዕራብ አሜሪካ ከነበሩት ሕዝቦች አንዳንዶቹ በጅማቱ ላይ የእባብ ቆዳ ይጨምሩ ነበር፤ ይህም ጅማቱን ከእርጥበት ለመጠበቅ ሲሆን ወደፊት እንደሚታየው ሌላም ጥቅም ተገኝቶለታል።

ኢሺ ወደ አደን ሲወጣ የሚያደርገው ጥንቃቄ ከዛሬው ዕቃ መደብር ጋር ሲነጻጸር ያስገርማል። በዋዜማው ዓሣ አይበላም፣ ትምባሆ አያጨስም፤ ሽታው ከሩቅ ይታወቃልና። ማለዳ ተነሥቶ በወንዝ ይታጠባል፤ መልካም ሽታ ባለው ቅጠል ገላውን ያሻል። ልብስ ከቁጥቋጦ ጋር ሲፋተግ ድምፅ ስለሚያወጣ ከወገቡ ጨርቅ በቀር ሁሉን ያወልቃል። ተደብቆ ከንፈሩን በጣቶቹ ላይ አድርጎ የጥንቸል ሲቃ የሚመስል ድምፅ ያወጣል፤ በዚህም ጥንቸል ብቻ ሳይሆን የዱር ድመትም ይመጣለታል። የታጨቀ የአጋዘን ራስ በራሱ ላይ ደፍቶ ከቁጥቋጦ ጀርባ ብቅ እያለ የአጋዘንን ጉጉት የሚቀሰቅስበት ጊዜም ነበር። ሽታ፣ ድምፅ፣ ትዕግሥት፣ ሁሉም አሉ። ስለ ደጋን ነጸብራቅ ማሰብ ግን አላስፈለገውም።

የአውሮፓ አዳኞችም ብዙ የተለዩ አልነበሩም። የፎዋ ገዢ ጋስቶን ፌቡስ በ1387 የጀመረው የአደን መጽሐፍ አዳኝ በበጋ አረንጓዴ፣ በክረምት ግራጫ እንዲለብስ ይመክራል። ከዚያም ደስ የሚል ዘዴ ያክላል። አዳኙ በቅጠል በተሸፈነ ጋሪ ውስጥ ይቀመጣል፤ ፈረሱና ነጂውም ቅጠል ይለብሳሉ፤ መንኮራኩሩ ሆን ተብሎ እንዲንጫጫ ይደረጋል። እንስሳው በእንግዳው ድምፅ ተገርሞ ቆሞ ሲያይ ጋሪው እየተጠጋ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ቅጠል ሰውን፣ ፈረስንና ጋሪን እንጂ መሣሪያውን ለብቻው ለመደበቅ አልታሰበም።

ደጋን ማብራት እንዳለበት አጥብቆ የጻፈው እንግሊዛዊው ሮጀር አስካም ነው። አስካም በኋላ ንግሥት የሆነችው የኤልሳቤጥ መምህር የነበረ ምሁር ነው። ቶክሶፊለስ የተባለው መጽሐፉ በ1545 ታትሟል፤ በእንግሊዝኛ ስለ ደጋን ከተጻፉት መጻሕፍት ቀዳሚው ነው። ሰም በነካ የሱፍ ጨርቅ ደጋንን በየዕለቱ እስኪያበራ ማሸት እንደሚገባ ያስተምራል። ምክንያቱ ውበት ብቻ አይደለም፤ የለሰለሰና የጠነከረ ቅርፊት ዝናብ ወደ እንጨቱ እንዳይገባ ይከላከላል። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ኃይሉ ይደክማል፣ ቅርጹም ይጣመማል። አስካም የሚጽፈው ዒላማ ለሚመታና ለጦር ለሚዘጋጅ ሰው ስለሆነ ልክ ነው። ዒላማ አይደነብርም። በኋላ የአደን ደጋን ሠሪዎች የሚጨነቁበት ጥያቄ ግን እዚህ ላይ ተወልዷል፤ እንጨቱን ከውሃ የሚጠብቀው ያው ገጽ ብርሃንን ይመልሳል።

ጠመንጃ ደጋንን ከጦር ሜዳ ካስወጣው በኋላ በእንግሊዝ ደጋን የመኳንንት ጨዋታ ሆነ። በ1781 ለንደን ውስጥ የቶክሶፊላይት ማኅበር ተመሠረተ፤ በ19ኛው መቶ ዘመንም ወንዶችና ሴቶች በሣር ሜዳ ላይ ተሰልፈው ዒላማ መምታት የክብር መዝናኛ ሆነ። ለዚህ ዓይነቱ ስብሰባ የሚሠራ ደጋን ከሳሎን ዕቃ አይለይም። ዩው የተባለው እንጨት ይወለወላል፤ ጫፎቹ በቀንድ ይከደናሉ፤ መጨበጫው በቬልቬት ይጠቀለላል። ልማዱ ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ገባ። ሞሪስና ዊል ቶምሰን የተባሉት ወንድማማቾች በፍሎሪዳ ረግረግ በደጋን እያደኑ ስላሳለፉት ሕይወት ሞሪስ የጻፈው መጽሐፍ በ1878 ወጣ፤ ብዙ አንባቢም አነሣሣ። በማግሥቱ ዓመት ብሔራዊ የደጋን ማኅበር ተቋቋመ፤ ማኅበሩ ግን ከአደን ይልቅ ወደ ዒላማ አዘነበለ። ስለዚህ በአሜሪካ ሱቆች የሚሸጠው ደጋን ለሣር ሜዳ የተሠራ፣ የሚያበራ ደጋን ነበር።

ሳክስተን ፖፕና ጓደኛው አርተር ያንግ እነዚህን ሁለት ዓለማት አገናኙ። ከኢሺ የአደኑን ብልሃት፣ ከእንግሊዝ መጻሕፍት ደግሞ ረጅሙን የዩው ደጋን ወሰዱ። በ1920 ለካሊፎርኒያ የሳይንስ አካዳሚ ስብስብ በየሎውስቶን ግሪዝሊ ድብ በደጋን ገደሉ፤ በ1925 ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ዘልቀው አንበሳ አደኑ። ፖፕ በ1923 ያሳተመው መጽሐፍ የዘመናዊው የደጋን አደን መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል። እዚህ ላይ ስለ ዩው አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የዩው ውስጠኛ እንጨት ቀላ ያለ ቡናማ ሲሆን ከቅርፊቱ ሥር ያለው ክፍል ነጣ ያለ ክሬም መልክ ነው፤ ጥሩ ደጋን የሚወጣውም ሁለቱ ተያይዘው ሲጠረቡ ነው። ነጩ ክፍል መለጠጥ ስለሚችል ሁልጊዜ ጀርባው ላይ ይውላል። ስለዚህ አዳኙ በእጁ የሚያየው ጠቆር ያለ ደጋን ሲሆን፣ እንስሳው የሚያየው ነጭ ዘንግ ነው። በላዩ ቫርኒሽ ሲጨመር ነገሩ ይባባሳል።

በ1934 የዊስኮንሲን ግዛት ለደጋን ብቻ የተለየ የአጋዘን አደን ወቅት ፈቀደ፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከተሉ። ይህ ሕግ ደጋንን ከጥቂት አፍቃሪዎች እጅ አውጥቶ ለብዙ ሺህ ሰዎች ሰጠ፤ ለእነርሱም በእጅ እየጠረቡ ማዳረስ አይቻልም ነበር። ክፍተቱን ከሞሉት ሰዎች ዋነኛው ፍሬድ ቤር ነው። ቤር በዲትሮይት የመኪና ፋብሪካዎች የሠራ ሰው ነበር፤ በ1927 አርተር ያንግ በአላስካ ያነሣውን ፊልም ሲያይ ልቡ ወደ ደጋን ሸፈተ፤ ከያንግም ጋር ተዋወቀ፣ ሙያውንም ቀሰመ። በ1933 ሥራውን ጀመረ፤ በ1947 ፋብሪካውን በሚቺጋን ግሬይሊንግ በምትባል ትንሽ ከተማ ተከለ።

በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቤርና ሌሎች ሠሪዎች ፋይበርግላስን ከእንጨት ጋር ማነባበር ጀመሩ። ቀጭን የሜፕል ሰሌዳ መካከል ላይ ይሆናል፤ በፊትና በጀርባ በአንድ አቅጣጫ የተደረደረ የመስታወት ክር በሙጫ ተነክሮ ይለጠፍበታል። ደጋኑ በዝናብ አይደክምም፣ በብርድ አይሰበርም፣ ከዓመት ዓመት ኃይሉ አይለዋወጥም። እንጨትን ሲያሠቃዩት የኖሩት በሽታዎች በአንድ ጊዜ ተፈወሱ ማለት ይቻላል። ነገር ግን የፋይበርግላስ ገጽ ጠፍጣፋና ልሙጥ ነው። መጨበጫው አካባቢ የሚገቡት ከሩቅ አገር የመጡ ባለ ጥለት እንጨቶች እንዲታዩም ሁሉም ነገር በሚያበራ ጥርት ያለ ቅብ ይሸፈናል። በሱቅ መደርደሪያ ላይ ገዢን የሚጠራው ይኸው ብርሃን ነው። በዘመኑ ደጋኖች ላይ ነጭ ፋይበርግላስም ብርቅ አልነበረም። አስካም በሰም ያበራው ገጽ በፋብሪካ ዘመን ፍጹም መስታወት ሆነ። ፋብሪካዎቹ ለገበያ ያጌጡትን ዕቃ አዳኞች ደግሞ ገዝተው መሸፈን ጀመሩ።

ከሽፋኖቹ ሁሉ ቀላሉ ፕላስተር ነው። አረንጓዴና ቡናማ ዥንጉርጉር ያለው የጨርቅ ፕላስተር በክንዶቹ ላይ ይጠቀለላል፤ ወቅቱ ሲያልቅ ይላጣል። ጉዳቱ ሲላጥ ይታያል፤ ሙጫው ይቀራል፣ አንዳንዴም ከሥሩ ያለውን ቅብ ይዞ ይመጣል። ሁለተኛው በክንዱ ላይ እንደ ካልሲ የሚጠለቅ የጨርቅ ሽፋን ነው። ሊገባና ሊወጣ ይችላል፤ ደጋኑን አይጎዳውም። ነገር ግን በክንዱ ጫፍ ላይ የሚጨመር ትንሽ ክብደት እንኳ ፍላጻውን ያዘገያል፤ ጨርቁም ዝናብ ሲመታው ውሃ ይይዛል። ሦስተኛው በጣሳ የሚረጭ ደብዛዛ ቀለም ነው። ብዙዎች መጀመሪያ አንድ ቀለም ይረጩና ቅጠል ወይም ፈርን በላዩ አስደግፈው ሌላ ይጨምራሉ፤ ቅጠሉ ሲነሣ ጥላው ይቀራል። ውጤቱ ጥሩ ነው፤ ግን ውድ እንጨት ያለው ደጋን ላይ ቀለም ለመርጨት ጨከን ማለት ይጠይቃል።

የእባብ ቆዳ ከእነዚህ ሁሉ ረቂቁ ነው፤ ጊዜም ይፈልጋል። በአሜሪካ የሚመረጠው ጭራውን የሚያንኳኳው ራትል ስኔክ ነው። ቆዳው ለሁለቱ ክንዶች እንዲበቃ ሁለት እባብ ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ቆዳዎች መጨበጫው ሥር ይገናኛሉ፣ መገናኛውም በቆዳ ጥቅል ይሸፈናል። የደረቀው ቆዳ ለብ ባለ ውሃ ይርሳል፤ ውስጡ ከሥጋና ከስብ ይጸዳል። የደጋኑ ጀርባ ሙጫ እንዲይዝ በብርጭቆ ወረቀት ይሻከራል። ከዚያ ሙጫ ይቀባና ቆዳው ጥለቱ በመሐል እንዲሮጥ ተደርጎ ይዘረጋል፤ የአየር አረፋ እንዳይቀር ከመሐል ወደ ጫፍ በጣት ይጨመቃል። ሲደርቅ ትርፉ በጠርዙ በኩል ይሞረዳል። አሁን ጠቃሚው ነገር ይመጣል፤ ቅርፊቶቹ ራሳቸው ያበራሉ። ስለዚህ በሚጣበቅ ፕላስተር እየተነሡ ወይም በዝግታ እየተፋቁ ይወገዳሉ። የሚቀረው ከሥራቸው ያለው ቆዳ ሲሆን፣ የአልማዝ ቅርጽ ያለው ግራጫና ቡናማ ጥለት አለው፤ ገጹም ትናንሽ ጉድጓዶች ስላሉት ብርሃን አይሰበስብም። እባቡ በደረቅ ቅጠል መካከል ለመሰወር የያዘው ጥለት ለደጋኑ ያገለግላል። ዘዴው የጥንት ሕዝቦች ለእርጥበት መከላከያ ካደረጉት ነገር የተወሰደ ነው፤ የነጩን የዩው ጀርባ ችግርም በአንድ ምት ይፈታል።

በዚህ መካከል ከጦር ሠራዊት የመጣ ሌላ ሐሳብ ደረሰ። ካሞፍላጅ በተደራጀ መልኩ የጀመረው ፈረንሳይ በ1915 ሠዓሊዎችን በአንድ ክፍል ስታሰባስብ ነው። በ1942 አሜሪካ ለፓሲፊክ ውጊያ ያወጣችውን የእንቁራሪት ቆዳ የሚመስል ነጠብጣብ ጥለት ያዘጋጀው ኖርቬል ጊልስፒ የአትክልት ባለሙያ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ትርፉ ልብስ በርካሽ ሲሸጥ ዳክዬ አዳኞች ገዙት፤ ጥለቱ እስከ ዛሬ በእነርሱ ስም ይጠራል። ቀጣዩ እርምጃ ግን ከደጋን አዳኞች መጣ። በ1970ዎቹ የቨርጂኒያው ጂም ክረምሊ የወታደር ነጠብጣብ ዛፍ ላይ ተጠግቶ ለሚጠብቅ ሰው እንደማይስማማ ተረድቶ፣ በራሱ ልብስ ላይ የዛፍ ቅርፊት የሚመስሉ ቁልቁል መስመሮችን በቀለም እስክሪብቶ ሣለ። በ1980 ትሪባርክ በሚል ስም ለገበያ አቀረበው። በ1986 በሚሲሲፒ ቶክሲ ሃስ ሞሲ ኦክን፣ በጆርጂያ ቢል ጆርዳን ሪልትሪን አወጡ። ሃስ ከጫካ ያፈሰውን አፈር፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ይህን የሚመስል ጨርቅ እንዲሠሩለት ወደ ጨርቅ አታሚዎች መሄዱ ይነገራል።

እነዚህ ጥለቶች ከጨርቅ ወደ ደጋን ለመሸጋገር ብዙም አልቆዩ። በ1969 የባለቤትነት መብት ያገኘው የሆሊስ አለን ባለ መዘውር ደጋን፣ ማለትም ኮምፓውንድ፣ በ1980ዎቹ ገበያውን ተቆጣጥሮ ነበር፤ የብረት መጨበጫውም ለቀለም የተመቸ ነው። በውኃ ላይ የተንሳፈፈ የታተመ ሥዕል ዕቃው ሲጠልቅ የሚለጠፍበት ዘዴ ሲመጣ ማንኛውም ጎባጣ ነገር የጫካ ፎቶግራፍ መልበስ ቻለ። እዚህ ላይ መታለል ቀላል ነው። የጫካ ሥዕል በሚያበራ ቅብ ከተሸፈነ ለአጋዘን ያው መስታወት ነው፤ ሥዕሉን የሚያደንቀው ሰው ብቻ ነው። በመደርደሪያ ላይ ካሉት ዕቃዎች ውስጥ ለዚህ ስህተት ምሳሌ የሚሆኑት ጥቂት አይደሉም።

ኮምፓውንዱ ሲስፋፋ የተሰላቹ ሰዎች ወደ እንጨት ተመለሱ። የአላስካው ጄይ ማሲ በ1987 ስለ ደጋን ሠሪ ሙያ መጽሐፍ አወጣ፤ በ1989 ባህላዊ ደጋን ለሚይዙ አዳኞች የተለየ መጽሔት ተጀመረ፤ በ1992 ደግሞ በጂም ሃም አዘጋጅነት የደጋን ሠሪዎችን ልምድ የሰበሰበው ተከታታይ መጽሐፍ የመጀመሪያ ቅጹ ታተመ። እነዚህ ሰዎች የጅማትን፣ የጥሬ ቆዳንና የእባብ ቆዳን ሙያ ከሙዚየም አወጡት። ኦሴጅ የተባለው እንጨት አዲስ ሲጠረብ ደማቅ ቢጫ ነው፤ ለጫካ የማይሆን ቀለም ነው። ፀሐይ ሲመታው ግን በራሱ ጊዜ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ለመጠበቅ ትዕግሥት የሌለው ሠሪ በዎልነት ልጣጭ ቀለም ይቀባዋል፤ ወይም ብረት የተቀመጠበት ኮምጣጤ ሲያሳርፍበት ከእንጨቱ ታኒን ጋር ተዋሕዶ ያጠቁረዋል።

ቅቡም ተለወጠ። ደብዛዛ ቫርኒሽ የሚሠራው በውስጡ የደቀቀ ሲሊካ በመጨመር ነው፤ ቅቡ ሲደርቅ ብናኙ ላዩን በዓይን የማይታይ ሻካራ ያደርገዋል። ውሃ አይገባም፣ ብርሃንም ይበተናል፤ አስካም ከገለጸው ጥቅም የተቆረጠ ነገር የለም። ጣሳው በደንብ ካልተነቀነቀ ግን ሲሊካው ሥር ይዘቅጥና ቫርኒሹ ያበራል፤ ይህን የሚያጣራ ሰው መጀመሪያ በቁራጭ እንጨት ላይ ይሞክራል። ያለቀለትን የሚያበራ ደጋን ለማደብዘዝ ደግሞ እንደ ሱፍ በቀጠነ የብረት ክር ወይም በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ዱቄት በእንጨቱ ርዝመት ቀስ ብሎ ማሸት ይበቃል። የማሸቱ ኃይል ትንሽ ከሆነ ከሥር ያለው ፋይበርግላስ አይነካም። ብዙ የዘመኑ ደጋን ሠሪዎች ትእዛዝ ሲቀበሉ ደብዛዛ ወይስ የሚያበራ ብለው ይጠይቃሉ። የተልባ ዘይትና ሰም የሚመርጡም አሉ፤ እነዚህ ግን ቶሎ ቶሎ መታደስ ይፈልጋሉ።

ከዘዴዎቹ ሁሉ በዋጋም በውጤትም የሚመረጠው ደብዛዛ ቅብ ነው፤ ክብደት አይጨምርም፣ አይላጥም፣ ውሃ አይይዝም፣ የእንጨቱንም ጥለት አይደብቅም። የእባብ ቆዳ ከውበቱ ጋር ሁለተኛ ይመጣል። ፕላስተርና የጨርቅ ሽፋን ደጋኑን መለወጥ ለማይፈልግ ሰው ይስማማሉ። የታተመው የጫካ ሥዕል በመጨረሻ ይሰለፋል። አንድ ጉድለት ግን ደብዛዛውም ቢሆን አለበት፤ እጅ አዘውትሮ የሚያርፍበትና ልብስ የሚፋተግበት ቦታ በላብና በፍትጊያ መልሶ ያበራል። ስለዚህ መጨበጫውንና ከእሱ ከፍና ዝቅ ያለውን ስንዝር ያህል ቦታ በየዓመቱ የአደኑ ወቅት ከመከፈቱ በፊት ዳግመኛ ማሸት ያስፈልጋል።